በመጋረጃ በኩል የተመረጠ ሽጉጥ

ይህ ነገር የደረሰው በእኔ ላይ ነው። ከማንም የሰማሁት አይደለም።

ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው፤ አልከራከርም። ማስረጃዬን ቀኝ እጄ ላይ ይዤ እዞራለሁ።

ጊዜው ታኅሣሥ 1911 ዓ.ም. ነው። ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ቦታው አራዳ፣ ከጊዮርጊስ ገበያ ቁልቁል ሲወረድ ያለው የባሌ ቤት።

ነሲባ እባላለሁ። ባሌ ረሻድ የበቅሎ ኮርቻ ሠሪ ነበር። በዚያ ዓመት የኅዳር በሽታ ሲገባ ሁለታችንም አንድ ቀን ተኛን። እኔ ተነሳሁ። እሱ አልተነሳም።

ስነሳ እጆቼ ከድተውኛል። አሉ፣ ይንቀሳቀሳሉ፣ ግን አይጨብጡም። የውሃ ጣሳ ከእጄ ይወድቃል። የበሩን መወርወሪያ ለመግፋት በክርኔ መታገል ነበረብኝ። ሠላሳ ዓመት ያልሞላኝ ሴት የአሮጊት እጅ ይዤ ቀረሁ።

በእኛ ሥርዓት ባሏ የሞተባት ሴት አራት ወር ከዐሥር ቀን ዒዳ ትቀመጣለች። ያለ ችግር ከቤት አትወጣም። አትኳልም፣ ሂና አትቀባም። እንግዳ ወንድ ፊቷን አያይም። ይህን ሁሉ ሳላጉረመርም ጠብቄያለሁ፤ ረሻድ ይገባው ነበር።

አብዱልሃሚድ ግን አላስቀመጠኝም።

የባሌ ታላቅ ወንድም ነው። ድሮ «አያ» እለው ነበር፤ አሁን ስሙን ብቻ ነው የምጠራው፣ እሱም ሲበዛበት ነው። መጀመሪያ እዚህ ቤት የሚኖረው እሱ ነበር፣ ከሚስቱ ከሸፊቃ ጋር። እኔና ረሻድ በግቢው ውስጥ ባለችው ትንሿ ቤት ነበርን።

ከሁለት ዓመት በፊት፣ በዓረፋ ማግስት፣ ሸፊቃ ጠፋች።

«ወሎ፣ ወላጆቿ ዘንድ ሄደች» አለን። ከማን ጋር ብዬ ብጠይቀው ከነጋዴ ጋር አለ። በዋዜማው እኔና እሷ አንድ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠን ሂና ተቀባብተናል። ጥፍሮቿን እስከ መጀመሪያው አንጓ ድረስ የቀባኋቸው እኔ ነኝ። ስለ መሄድ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ነጠላ ጫማዋም ከበሩ ሥር ቀርቶ ነበር። ረሻድ «የባልና ሚስት ነገር ነው፣ ተይው» አለኝ።

ተውኩት። ይህን ስናገር ዛሬም አፍራለሁ።

አብዱልሃሚድ ብዙ ሳይቆይ ቤቱን ለእኛ ለቆ ሌላ ሰፈር ገባ። ለምን ብሎ የጠየቀው አልነበረም። ረሻድ ከሞተ በኋላ ግን ዓይኑን በጨው ታጥቦ መጣና ቤቱን ልቀቂ አለኝ።

በየቀኑ ይመጣል። እስከ ጓዳው መጋረጃ ድረስ ይራመድና ይቆማል። ከዚያ አያልፍም። አንድ ቀን እንኳን እግሩን ወደ ጓዳው አላስገባም።

የጓዳው ወለል አንድ ቦታ ላይ ሰርጉዶ ነበር። አስደልድዬ ልለስነው እንዳሰብኩ ሲሰማ ጮኸብኝ፤ መሬቱን እንዳልነካ። ከዚያ ወጥቶ ለሰፈሩ ሁሉ ትኩሳቱ አእምሮዋን ነካው ብሎ ነገረ።

አንድ ቀን ከመጋረጃው ወዲያ ቆሞ በዝግታ አወራኝ።

«ነሲባ...»

ከመጋረጃው ራቅ አልኩ።

«በዚህ በሽታ ስንት ሰው ተቀበረ? አንቺ ብትጨመሪ ማን ይቆጥራል?»

በማግስቱ የብር አምባሬን አውልቄ ለጎረቤቴ ለሸሪፋ ሰጠኋት። ሽጉጥ እንድታስመጣልኝ።

ሸሪፋ ያመጣችው አያ ሙሄን ነው። አያ ሙሄ አራዳ ላይ ጠመንጃና ሽጉጥ የሚጠግን፣ የሚሸጥም፣ ከወሎ የመጣ ሽማግሌ ነው። ቁጡ ነው። ለሚገዛው ሰው እጅ የማይመች መሣሪያ አይሸጥም፤ ለዚህ ሲል ከመኳንንት ጋር ሳይቀር ተጣልቷል ይባላል።

ፊቴን ማየት አይችልም። ስለዚህ እሱ ከመጋረጃው ወዲያ ተቀመጠ፣ እኔ ጓዳ ውስጥ ቀረሁ። መጋረጃው ከመካከሉ የተሰነጠቀ ነው። በዚያ ስንጥቅ እጄን ብቻ ላወጣ ተስማማን። ሸሪፋ አብዱልሃሚድ ቢመጣ እንድታስጠነቅቅ ደጁ ላይ ጀርባዋን ሰጥታን ተቀመጠች።

ጓዳው ውስጥ ከእኔ ሌላ ማንም አልነበረም። ይህን ያዙልኝ።

መጀመሪያ ጣቴን ለካ። ሳይነካኝ ነው የለካው። በገመድ የታሰረች ትንሽ ከረጢት አመልካች ጣቴ ላይ አንጠለጠለና ጥይት ፍሬ በፍሬ እየጨመረ ጣትሽን እጠፊው ይለኛል። ጥቂት እንደጨመረ ጣቴ ተዘረጋ። ከረጢቷ ወደቀች።

ከወዲያ ሲተነፍስ ሰማሁት።

«እንግዲህ ስሚኝ» አለ። «ትንሽ ሽጉጥ ለደካማ እጅ ይቀላል የሚሉሽን አትስሚ። ቀላል ሽጉጥ ይራገጣል። ከበድ ያለ ይሻልሻል፤ ትራስ ላይ አስደግፈሽ በሁለት እጅ ያዥው።»

«እሺ፣ አያ ሙሄ።»

«እየሳቡ የሚያቀባብሉት አይሆንሽም፣ ጉልበት ይፈልጋል። ለአንቺ ስድስት ጎራሽ ነው። እሱ ምላጩን መሳብ ብቻ ነው። ዋናው እንግዲህ ምላጩ ነው። ለጣትሽ ከጠነከረ፣ ሽጉጥ ሳይሆን ብረት ይዘሽ ነው የምትቀመጪው።»

ሦስት ስድስት ጎራሽ ማምጣቱን ነገረኝ። አንደኛው ጠንካራ ነው። ሁለተኛው መካከለኛ። ሦስተኛው የውስጡን ጥምዝ ሽቦ ራሱ አላልቶ ለታመመ ሽማግሌ ያዘጋጀው ነው። ለእኔ የሚሆነው ሦስተኛው እንደሆነ ሁለታችንም አውቀናል። ልዩነቱን እንዳውቅ ግን ከጠንካራው ልጀምር አለ።

ጣቶቼ ደንዝዘው ነበር። እሱ ዕቃውን ሲፈታ እኔ ተነስቼ ወደ ጓዳው ጥግ ሄድኩ። ምድጃው ላይ ለብ ያለ ውሃ ነበረኝ። ሁለቱንም እጆቼን ነከርኳቸው።

«ቢስሚላህ በይና ያዥው» አለ።

ቆይ ልለው አፌን ስከፍት...

ቀጭ።

የምላጭ ድምፅ ነው።

«እሰይ። ድገሚው።»

ቀጭ... ቀጭ... ቀጭ።

እኔ ምድጃው ሥር ነኝ። እጆቼ ውሃው ውስጥ ናቸው።

ቀስ ብዬ ቀና አልኩ።

የመጋረጃው ስንጥቅ ተከፍቷል። አንድ ክንድ የሚያሳልፍ ያህል። ጨርቁ በግራና በቀኝ ተገፍቶ ቆሟል። በእኔ በኩል ግን... ማንም የለም።

እጆቼን ከውሃው ሳላወጣ ስንጥቁን ብቻ አየሁ።

«ማሻአላህ» ይላል አያ ሙሄ። «ቅድም ምን ሆነሽ ነው? ይሄ እጅ እኮ ከእኔ እጅ ይበረታል።»

ስንጥቁ ቀስ ብሎ ተዘጋ። ሽጉጡ ከመጋረጃው ሥር፣ በእኔ በኩል መሬት ላይ ተቀምጧል።

ከዚያ የአያ ሙሄ ድምፅ ተለወጠ።

«ሂናው ግን ምንድን ነው?»

«የምን ሂና?» አልኩ በሹክሹክታ።

«ፊትሽን አላየሁም። እጅሽን ግን አየሁ። የባልሽ መቃብር አፈሩ ሳይደርቅ ጥፍርሽን ታቀያለሽ?»

እጆቼን ከውሃው አወጣሁ። ነጭ ናቸው። አንድም ቀለም የለባቸውም።

«አብዱልሃሚድ ስለ አንቺ ያለውን አላመንኩም ነበር» አለኝ። «በዓይኔ ባላይ ጥሩ ነበር።»

እዚህ ላይ ነው የተሳሳትኩት። እጁ የእኔ አይደለም ማለት ነበረብኝ። ግን ማን ያምነኛል? አብዱልሃሚድ እብድ ናት እያለ ሰፈሩን ዞሯል። አሁን እኔ ራሴ ከጓዳዬ የማላውቀው እጅ ወጣ ብል፣ በማግስቱ አስረው ያስወጡኝ ነበር። ስለዚህ አፌን ዘጋሁ።

አያ ሙሄ የቀሩትን ሁለቱን ሽጉጦች ሳይፈታ ሸክፎ ሄደ። ጠንካራው ከስድስት ጥይቱ ጋር ቀረልኝ።

ሲመሽ ትራስ ላይ አስደግፌ፣ ጥይት ሳላጎርሰው፣ ምላጩን በአንድ ጣት ሞከርኩ። በሁለት ጣት ሞከርኩ። የሁለቱንም እጆቼን ጣቶች አጥፌ፣ ጥርሴን ነክሼ ሳብኩ። አልተነቃነቀም። እጄ ሲዝል ተቀምጬ አለቀስኩ። ከቁጣ ነው ያለቀስኩት።

ሸሪፋን ላክኋት፤ ምላጩ በርትቶብኛል፣ በለስላሳው ይለውጥልኝ ብዬ። አያ ሙሄ በዓይኔ ፊት አራት ጊዜ ስባለች፣ አትቀልድብኝ ብሎ መለሳት። የሂናውንም ነገር ነገራት። ሸሪፋ ከዚያ ቀን ጀምሮ ውሃ እንኳን ደጅ ላይ አስቀምጣልኝ ነው የምትሄደው። ወሬው ከእሷ አፍ ገበያ፣ ከገበያ አብዱልሃሚድ ጆሮ ደረሰ።

ሽጉጥ እንዳለኝ አወቀ። መሳብ እንደማልችልም አወቀ።

ከዚያ በኋላ ጓዳው ተለወጠብኝ...

ሽጉጡን ጥይት አጉርሼ፣ አፈሙዙን ወደ ግድግዳ አዙሬ እተኛለሁ። ጠዋት ወደ በሩ ዞሮ አገኘዋለሁ።

የሸፊቃን ነጠላ ጫማ ሣጥን ውስጥ አስቀምጬው ነበር። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ሳይ መጋረጃው ሥር ናቸው። ጎን ለጎን፣ ጣታቸው ወደ ውጭ። ሣጥኑን ከፈትኩ። ባዶ ነው።

መለስኳቸው። ከሰዓት በኋላ እንደገና መጋረጃው ሥር ናቸው። ከዚያ በኋላ አልነካኋቸውም።

ቤቱም የእርጥብ ሂና ሽታ ይሸት ጀመር። ይበልጥ የሚሸተው ወለሉ የሰረጎደበት ቦታ ላይ ነው።

ለማን ልንገር? ጎረቤት ተጸይፎኛል። አያ ሙሄ ንቆኛል። በግልጽ ልናገር፤ ጠላኋቸው። ያንን ቤትም ጠላሁት። ግን ለአብዱልሃሚድ አልለቅም ብዬ ተቀመጥኩ።

ጥር ገባ። ዕለቱ ጁምዓ ነው። ስድስት ሰዓት ተኩል።

ወንዱ ሁሉ መስጊድ ነው። ሴቶቹ ገበያ ናቸው። ሰፈሩ ጭር ብሏል። በሩ ሲከፈት ሰማሁ... ከዚያ ተመልሶ ሲዘጋ... ከዚያ መወርወሪያው ሲገባ።

በመጋረጃው ጨርቅ ጥላውን አየሁት። በእጁ ትራስ ይዟል። የፊተኛው ክፍል ትራስ ነው፣ ረሻድ ይደገፈው የነበረው።

«ነሲባ...»

ግድግዳውን ተደግፌ ሽጉጡን ጉልበቴ ላይ ባለው ትራስ ላይ አስደገፍኩ። በሁለት እጅ ያዝኩት፣ አያ ሙሄ እንዳለኝ።

«እንዳትቀርብ። እተኩሳለሁ።»

ሳቀ። ከልቡ ነው የሳቀው።

«በየትኛው ጣትሽ?»

ሳብኩ። አልተነቃነቀም። ሁለት ጣት ጨምሬ ሳብኩ። ትንፋሼ ይሰማዋል። ምንም።

መጋረጃውን ገለጠ።

ቀኝ እግሩን አነሳና... ለመጀመሪያ ጊዜ ጓዳው ውስጥ ረገጠ።

ያን ጊዜ ቆመ።

እኔን አልነበረም የሚያየው። ከትከሻዬ አጠገብ፣ ከግድግዳውና ከእኔ መካከል ያለውን ቦታ ነው የሚያየው። እዚያ ሰው የሚቆምበት ስፋት የለም። ትራሱ ከእጁ ወደቀ።

«አንቺ...» አለ በቀጭን ድምፅ። «አንቺን እኮ ቀብሬሽ...»

አልጨረሰውም።

እጄ ላይ ሌላ እጅ ተጫነ። ቀዝቃዛና እርጥብ ነበር። አንድ ጣት በጣቴ ላይ ተጋደመ።

ምላጩ መጣ። ያለ ምንም ችግር፣ ቀስ ብሎ መጣ።

ድምፁ ሰፈሩን ጠራው። ጎረቤት በሩን ሰብሮ ሲገባ አብዱልሃሚድ የጓዳው ደፍ ላይ ሞቶ ወድቋል። ከወገቡ በላይ ውስጥ፣ ከወገቡ በታች ውጭ። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ እንደተቀመጥኩ ነኝ። ሽጉጡ ትራሱ ላይ ነው።

አራዳ ዘበኛ ወሰደኝ። የአብዱልሃሚድ ዘመዶች ተሰብስበው ከሰሱኝ። የሚሉት አንድ ነገር ነው፤ ይህች ሴት ምላጭ መሳብ አትችልም፣ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፣ ስለዚህ የተኮሰው ጓዳዋ ውስጥ የደበቀችው ወንድ ነው። ይህ ቢጸናብኝ ሞቴም ውርደቴም አንድ ላይ ነበር።

ጉዳዩን የሚያየው ሹም ጥይቱን አስወጥቶ ሽጉጡን ሰጠኝ። ሰው ሁሉ እያየ ሳብኩ። አልቻልኩም። አጉረመረሙ።

አያ ሙሄ ተጠራ።

ሊያየኝ አልፈለገም። ሹሙን እያየ ነው የተናገረው። «የሸጥኩላት እኔ ነኝ። አራት ጊዜ ስትስብ አይቻለሁ። ዛሬ ለምን እንዳቃታት አላውቅም። ግን እጇን ባይ አውቀዋለሁ፤ በዒዳዋ ላይ ሂና ተቀብታ ነበር።»

«እጅሽን አውጪ» አለኝ ሹሙ።

ሂና እንደሌለኝ አውቃለሁ፤ ቅድም ምላጩን ስስብ እንኳን ጣቶቼ ንጹሕ ነበሩ። አለቀልኝ ብዬ ነው ከነጠላዬ ውስጥ ያወጣሁት።

አያ ሙሄ ጎንበስ ብሎ አየ።

«ይኸው» አለ።

ቀኝ አመልካች ጣቴ ከጥፍሩ እስከ መጀመሪያው አንጓ ቀይ ነው። ዘጠኙ ጣቶቼ ነጭ ናቸው።

አያ ሙሄ ጣቴን ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ነጮቹን አየ። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ራቀ። ምስክርነቱን ግን አልለወጠም። ሹሙ ሰውየው በገዛ እግሩ በር ዘግቶ በመበለት ቤት ገብቷል፣ እሷም መሳብ ትችል ነበር ብሎ ለቀቀኝ።

ይህ ከሆነ ይኸው ዐሥራ ስድስት ዓመት አለፈ። ዛሬም እዚያው ቤት ነኝ። የጓዳውን ወለል አስቆፍሪው ያሉኝ አሉ። አላስቆፈርኩም። ማን እንዳለች አውቃለሁ፤ በየዓመቱ በዓረፋ ዋዜማ ሂና በጥብጬ ወለሉ የሰረጎደበት ቦታ ላይ አስቀምጥላታለሁ። ጠዋት ሣህኑ ባዶ ነው።

አያ ሙሄ እስኪሞት ድረስ በደጄ አላለፈም።

ሂና የተቀባ ሰው የሚያውቀው አንድ ነገር አለ። ጥፍር ሲያድግ ቀለሙ ወደ ጫፍ ይገፋል፣ ከሥር ነጩ ይወጣል፣ ቀዩ ተቆርጦ ያልቃል። ሁለት ወር፣ ሦስት ወር፣ ቢበዛ ስድስት።

የእኔን ጣት ጥፍር በየሳምንቱ እቆርጠዋለሁ። ዛሬ ጠዋትም ቆረጥኩት።

ከሥሩ የሚበቅለው ቀይ ነው።